ሙግትን ፈትቶ መመርመር

ሙግት ቢያንስ ሁለት ነገር ይኖረዋል፦ ተናጋሪው እንድንቀበለው የሚፈልገው ድምዳሜ፣ እና ድምዳሜውን ይደግፍልኛል ብሎ ያቀረበው መነሻ ሐሳብ። መነሻ ከሌለው የቀረበልን አቋም ብቻ ስለሆነ ምርመራው ገና አይጀመርም፤ "ለምን?" ተብሎ ይጠየቃል።

መጀመሪያ የሚፈለገው ድምዳሜው ነው። "ስለዚህ"፣ "በመሆኑም"፣ "ከዚህ የምንረዳው" የሚሉ ቃላት ድምዳሜን ያስከትላሉ። "ምክንያቱም"፣ ግስ ላይ የሚቀጠለው "ስለ" ("ስለጨመረ")፣ መጨረሻ ላይ የሚገባው "ና" ("ጨምሯልና") ደግሞ መነሻን ይጠቁማሉ። ሆኖም ጠቋሚ ቃል ያታልላል። "መንገዱ ተዘግቷል፤ ምክንያቱም ድልድዩ ፈርሷል" ሲባል አድማጩ መዘጋቱን አስቀድሞ የሚያውቅ ከሆነ የተነገረው ማብራሪያ ነው፤ የሚጠራጠር ከሆነ ግን ሙግት ነው። ድምዳሜ በጥያቄ መልክም ይመጣል። "ታዲያ ይህን የሚቃወም ማን አለ?" የሚለውን "ይህን መቃወም አይቻልም" ብላችሁ ጻፉት፤ ድክመቱ ወዲያው ይታያል።

ቀጥሎ ማሳመሪያውን አስወግዳችሁ ሙግቱን በቁጥር ዘርዝሩ። ለምሳሌ፦

1. በአንድ ክፍል አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ ተጀመረ።
2. ከዚያ በኋላ የክፍሉ አማካይ ውጤት ከ60 ወደ 63 ከፍ አለ።
3. ስለዚህ ዘዴው በሁሉም ትምህርት ቤቶች መተግበር አለበት።

ከ2 ወደ 3 ለመሻገር ያልተነገሩ መነሻዎች ያስፈልጋሉ፦ ውጤቱን ያሳደገው ዘዴው ነው፤ እዚህ የሠራ ሌላውም ዘንድ ይሠራል፤ ወጪውና ድካሙ ከጥቅሙ አይበልጥም። እነዚህን በጽሑፍ አውጧቸው፤ አብዛኛው ሙግት የሚሰበረው እዚህ ነው። ስትሞሉለት ግን ተናጋሪው ራሱ ሊቀበለው የሚችለውን፣ ጠንካራውን መነሻ ምረጡለት። ደካማውን ለጥፎ ያንኑ መምታት እሱ ያላለውን መቃወም ነው፤ በክርክር ላይ በጣም የተለመደውም ስሕተት ይኸው ይመስለናል።

አሁን ሁለት ጥያቄዎች ይቀራሉ፤ መቀላቀል የለባቸውም። አንደኛው መነሻዎቹ እውነት ናቸው ወይ? ሁለተኛው፣ እውነት ቢሆኑስ ድምዳሜውን ይደግፋሉ ወይ? "ባትሪው ካለቀ ስልኩ አይበራም፤ ስልኩ አይበራም፤ ስለዚህ ባትሪው አልቋል" በሚለው ውስጥ ሁለቱም መነሻዎች እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስልኩ የማይበራው ግን ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። መነሻዎቹ እውነት ሆነው ድምዳሜው ሐሰት የሚሆንበት አንድ ሁኔታ ማሰብ ከቻላችሁ ድምዳሜው የግድ አይከተልም። ያንኑ የመጀመሪያ መነሻ ይዘን "ስልኩ በርቷል፤ ስለዚህ ባትሪው አላለቀም" ቢባል ግን እንዲህ ያለ ሁኔታ አይገኝም።

የክፍሉ ምሳሌ ግን የግድ የሚከተል ነገር የለበትም፤ የሚመዘነው መነሻዎቹ ለድምዳሜው በሚሰጡት የመሆን ዕድል ነው። ስለዚህ ውጤቱን ሌላ ምን ሊያሳድገው እንደሚችል ጠይቁ። ፈተናው ቀሎ ይሆን? መምህሩ ተቀይሮ ይሆን? ዘዴው ባልተጀመረበት ክፍልስ ውጤቱ እንዴት ሆነ? ቁጥሩንም ፍቱት፦ 30 ተማሪ ባለበት ክፍል አማካዩ በ3 ነጥብ እንዲያድግ በድምሩ 90 ነጥብ ይበቃል፤ ሦስት ተማሪዎች እያንዳንዳቸው 30 ነጥብ ቢጨምሩና ሌሎቹ ባሉበት ቢቆዩ እንኳ ይገኛል።

የሕጸጽ (የተለመዱ የሙግት ስሕተቶች) ስሞችን መሸምደድ ብዙም አይጠቅምም፤ ለምሳሌ የሰውን ማንነት መተቸት ሕጸጽ የሚሆነው ማንነቱ ከጉዳዩ ጋር ሳይገናኝ ሲቀር ነው፤ ምስክርነቱ ብቻ ማስረጃ በሆነበት ቦታ ግን ታማኝነቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። ሙግቱ ወደቀ ማለትም ድምዳሜው ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ በዚህ መነሻ አልተደገፈም ማለት ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ መፍትሔው ድምዳሜውን ማለዘብ ነው። "በሁሉም ትምህርት ቤቶች መተግበር አለበት" የሚለው "በሌሎች ጥቂት ክፍሎች ተሞክሮ ይታይ" ቢሆን ያው የ3 ነጥብ ለውጥ በቂ ድጋፍ ይሆነዋል።