በሥራ ቡድን ውስጥ አስተያየት ሲሰጡና ሲቀበሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አስተያየት ሲባል ብዙ የመሥሪያ ቤት ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የግምገማ ስብሰባ ነው፤ ሂስና ግለ ሂስ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ነጥብ። ሥራን ለማሻሻል የሚሰጥ አስተያየት ግን አጭር ነው፤ ስለ አንድ ሥራ ብቻ ይነገራል፣ በሁለት ሰው መካከልም ያልቃል። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ሁለቱን ከማምታታት ይመጣሉ።

በአግቦ መናገር

የቡድን መሪው ማን እንደሚያረፍድ ያውቃል። ሰኞ ስብሰባ ላይ ግን “አንዳንድ ባልደረቦቻችን የሥራ ሰዓት አያከብሩም” ይላል። በሰዓቱ የሚገቡት “እኔን ይሆን?” ብለው ይሸማቀቃሉ፤ የሚመለከተው ሰው ደግሞ ስለ ሌላ ሰው የተነገረ መስሎት ያልፈዋል። ይሉኝታ የያዘው መሪ “ተናግሬያለሁ” ብሎ እፎይ ከማለቱ በቀር የተለወጠ ነገር የለም። ሰውየውን ለብቻው ጠርቶ አምስት ደቂቃ ማነጋገር ይበቃል። በቡድኑ ቴሌግራም ላይ ስም ጠቅሶ ማረምም አይበጅም፤ ሰውየው ከስህተቱ ይልቅ ማን ማን እንዳነበበው ያስባል።

ጠባይን መንካት

“ግዴለሽ ነሽ” የተባለ ሰው ወይ ይከራከራል ወይ ያኮርፋል። አስተያየቱ መቼ፣ ምን እንደተደረገ፣ ምን እንዳስከተለና ቀጥሎ ምን እንደሚፈለግ ይያዝ። ለምሳሌ፦ “ሐሙስ በላክሽው የዋጋ ማወዳደሪያ ላይ የሦስተኛው ፕሮፎርማ 15 በመቶ ተ.እ.ታ. አልተካተተም። ርካሹ እሱ ስለመሰለ እንደገና መሥራት ግድ ሆነ፣ ግዢውም ወደ ሰኞ ተላለፈ። ከመላክሽ በፊት ድምሩን ሌላ ሰው ቢያይልሽ ምን ይመስልሻል?” ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ማጠራቀም

የስድስት ወር ምዘና ባለበት ቤት የመስከረሙ ስህተት ታኅሣሥ ላይ ይነሳል። ሠራተኛው “እስካሁን ለምን ዝም አልከኝ?” ቢል እውነት አለው። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይነገር፤ ንዴት ካለ ግን ይደር። በአንድ ጊዜ ከሁለት ነጥብ በላይ ማንሳትም ጥቅም የለውም።

ከማስጠንቀቂያ ጋር መቀላቀል

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ያረፈደ ሠራተኛ ውሉ ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤ ክብደት አለው። ለማገዝ የታሰበ ንግግር “ፋይልህ ውስጥ ይገባል” ከተባለበት በኋላ ሰውየው የሚያዳምጠው መከላከያ ለማዘጋጀት ነው። ማስጠንቀቂያ ከሆነ በግልጽ ማስጠንቀቂያ ነው ይባል።

“እሺ” ብሎ መውጣት

ሰጪው ሳይጨርስ “ኔትወርኩ ነው፣ ሲስተሙ ነው” እያሉ ማስረዳት የታወቀ የተቀባይ ስህተት ነው። አንገት ደፍቶ “እሺ” ብሎ መውጣት ግን ጨዋነት ስለሚመስል ማንም አያርመውም፤ እኛ እንዲያውም የባሰው እሱ ነው እንላለን። ሰጪው ተግባባን ብሎ ይሄዳል፣ ተቀባዩ ምን እንደሚያስተካክል አላወቀም። የሰሙትን በራስዎ አነጋገር መልሰው ይጠይቁ፦ “ችግሩ መዘግየቱ ነው ወይስ ድምሩ?” ምሳሌ ካልተሰጠዎት ይጠይቁ። ካልተስማሙም “ሰነዱን አይቼ ነገ ጠዋት ልምጣ” ማለት ይቻላል።

“አስተያየት ካላችሁ” ማለት

ሁሉም ቦርሳውን ሲያነሳ የሚቀርብ ይህ ጥያቄ መልስ አያገኝም፣ ጠያቂው አለቃ ከሆነማ ጨርሶ። ጥያቄው ይጥበብ፦ “ከሳምንታዊው ሪፖርት አንድ ክፍል ብናስቀር የቱ ይሁን?” ለአለቃ ወይም በዕድሜ ለሚበልጥ ሰው የሚነገረውም በጥያቄ መልክ ሲሆን ይቀላል፦ “የረቡዕ ስብሰባ ሲረዝም ለመስክ ሠራተኞቹ ሰርቪሱ ያመልጣቸዋል፤ ቀደም ብለን ብንጀምር ምን ይመስልዎታል?” አለቃውም በዚያው ሳምንት ወይ ሰዓቱን ይለውጥ ወይ ለምን እንደማይቻል ይንገር። ዝም ካለ በሚቀጥለው ጊዜ የሚናገረው አያገኝም።