ለጥላ የተፈጠረችው ዘንባባ፦ ካማዶሪያን ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ማሳደግ

ደሴ ውስጥ መንገድ ዳር ችግኝ እሸጣለሁ። ትንሿን ዘንባባ የሚገዛኝ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ጥያቄ አለው። «እትዬ፣ ፀሐይ ላይ ነው አይደል የማስቀምጣት?» ዘንባባ ሲባል ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው ቆላው ነው፤ ወደ ባቲና ወደ አፋር ሲወርድ ያየው። ኧረ በፍጹም! ካማዶሪያ የፀሐይ ልጅ አይደለችም። አገሯ ከሜክሲኮ እስከ ደቡብ አሜሪካ የሚዘልቀው ዝናባማ ደን ነው። እዚያም ቢሆን የምትበቅለው ከትልልቅ ዛፎች ሥር፣ እርጥበትና ጥላ ባለበት ነው። እዚህም ያንኑ ጥላ እንስጣት ነው የምለው።

ወገኗ ብዙ ነው፤ ከ100 በላይ ዝርያ አላት። እኔ ጋ በብዛት የምትገኘው ካማዶሪያ ኤሌጋንስ ናት። ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜትር እምብዛም አታልፍም። ሁለተኛዋ ካማዶሪያ ሳይፍሪዚ ናት፤ ግንዷ እንደ ቀርከሃ አንጓ አንጓ ያለው፣ ከሥር እየበዛች የምትሄድ። ኮምቦልቻ ላላችሁ ይቺኛዋን እመርጥላችኋለሁ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሞቅ ይላል፤ ሳይፍሪዚ ደግሞ ከእህቷ ይልቅ ብርሃን ትችላለች። በረንዳ ላይ፣ ከማንጎ ወይም ከአቮካዶ ዛፍ ሥር ግሩም ሆና ታድጋለች። ደሴ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ኤሌጋንስን ይዛችሁ ቤት ውስጥ አሳድጉ።

አሁን ወደ መስኮቱ እንምጣ፤ አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ከዚያ ነው። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት። ከመስከረም እስከ መጋቢት የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው የምትሄደው። በዚያ ወቅት ሰማዩም ጥርት ያለ ነው፤ ደጋ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ሥር ያስቀመጣችኋት ዘንባባ መጀመሪያ ቅጠሏ ይገረጣል፣ ቀጥሎ ደረቅ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣባታል። የተቃጠለ ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም። ስለዚህ ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፈልጉላት። ወደ ምሥራቅ የሚያይም ደህና ነው፤ የማለዳ ፀሐይ ለስላሳ ናት። ያላችሁ የደቡብ መስኮት ብቻ ከሆነ ስስ መጋረጃ ጣሉበት፣ ወይም ማሰሮዋን ከመስኮቱ ወደ ውስጥ ራቅ አድርጉ። ጋዜጣ የሚያስነብብ ብርሃን ይበቃታል። ጨለማ ኮሪደር ላይ ግን አትርሷት። ጥላ ትወዳለች ማለት ብርሃን አትፈልግም ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ጠላት ብርድ ነው። ኤሌጋንስ የሚመቻት ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ነው። ከ10 በታች ሲወርድ ትጎዳለች። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊትን የጦሳ ተራራ ግርጌ ሰው ያውቀዋል። በእነዚህ ወራት ማታ ማታ ከመስኮት መስታወት አርቋት። ሲሚንቶ ወለል ላይም አታስቀምጧት፤ በርጩማ ወይም ጣውላ ላይ ትሁን፣ ሥሯ አይቀዝቅዝ። ብርድ ፈርታችሁ ግን ከሰል ምድጃ አጠገብ እንዳታስጠጓት። ቡና የሚፈላበት ጥግ ደረቅ ሙቀት አለው፣ ቅጠሏን ከጫፉ ያደርቀዋል። ከረከቦቱ ራቅ ብላ ትቀመጥ፤ አቦሉን ከሩቅ ታጅባችሁ።

ውሃ ላይ ቀን ቆጥራችሁ አታጠጡ። ጣታችሁን እስከ መጀመሪያው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። ደረቅ ከሆነ አጠጡ፣ እርጥብ ከሆነ ተዉት። በበጋ አየሩ ስለሚደርቅ ቶሎ ቶሎ ትጠማለች። ሐምሌና ነሐሴ ግን ቤቱ ቀዝቃዛ፣ ሰማዩ ዳመና ነው፤ አፈሩ ለመድረቅ ረጅም ጊዜ ይፈጃል። በክረምት ከጠፉት አብዛኞቹን የገደላቸው ጥማት ሳይሆን ሥር የሚያበሰብስ ውሃ ነው። ማሰሮው ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው፣ ሰሃኑ ላይ የተጠራቀመውን ውሃ ድፉት። ክረምት ሲገባ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ በባልዲና በጀሪካን አጠራቅሙ። ይህች ተክል ጨው አትወድም፤ የዝናብ ውሃ ደግሞ ጨው የለውም። ጠዋት ከቧንቧ የተቀዳውንም ወዲያው አታፍስሱባት፣ ቤት ውስጥ አድሮ ብርዱ ይውጣለት።

አፈሩ ቀለል ያለ ይሁን። እኔ ሁለት እጅ የደን ወይም የግቢ ጥቁር አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ እቀላቅላለሁ። ትኩስ ፍግ አታስገቡ፣ ሥር ያቃጥላል። ከእርሻ የተረፈ ዩሪያ ያላችሁ ቤተሰቦችም እባካችሁ እዚያው ተዉት። ዕድገቷ ዝግ ያለ ነው፣ ብዙ ምግብ አትጠይቅም። ከበልግ ጀምሮ ወሩ ሞቅ ባለ ጊዜ ትንሽ ብስባሽ ከላይ ጣል ማድረግ ይበቃታል።

ማሰሮ መቀየር በሁለት ሦስት ዓመት አንዴ ነው፤ ሥሯ መነካካት አትወድም። ጊዜው መጋቢትና ሚያዝያ ነው፣ የበልጉ ዝናብ አየሩን ሲያለሰልሰው። አንድ ማሰሮ ውስጥ ብዙ ግንድ ካያችሁ ያ አንድ ተክል አይደለም። ኤሌጋንስ አንድ ግንድ ብቻ ነው የምታወጣው፤ ገበያ ላይ ሞላ እንዲል ብዙ ችግኝ በአንድ ላይ ይተከላል። ለመነጣጠል አትሞክሩ፣ ሥራቸው ተጠላልፏል። ሳይፍሪዚን ግን ከነሥሯ መክፈል ይቻላል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አናቷን አትቁረጡ። ረዘመች ብሎ አናቷን የሚቆርጥ ሰው አለ። የዘንባባ ግንድ አዲስ ቅጠል የሚያወጣው ከአናቱ ብቻ ነው። ያ ከሄደ ያ ግንድ ይሞታል። ከታች ቢጫ የሚሆነውን አሮጌ ቅጠል መቁረጥ ግን ጥሩ ነው፣ ተፈጥሮዋ ነው።

በደረቁ ወራት ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ። ብናኝ የመሰለ ነጥብና ስስ ድር ካለ ቀይ ሸረሪት ነው። ማሰሮዋን በፌስታል ሸፍናችሁ ቅጠሏን ከላይም ከታችም በውሃ እጠቡ። ቀጥሎ ለብ ያለ ውሃ ላይ ጥቂት የልብስ ሳሙና አሟሙታችሁ በጨርቅ ጥረጉ፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። በሳምንቱ ድገሙት።

አየር ታጸዳለች እየተባለ ስትሸጥ እሰማለሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ሳይፍሪዚን ጨምሮ የቤት ተክሎችን ፈትኗል፤ ፈተናው ግን በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ነበር። በር የሚከፈትበት ቤት ሌላ ነው። ስለ ውበቷ ግዟት። ድመት ያለው ቤትም ችግር የለውም፣ ቅጠሏን ብትቆረጥም አትመረዝም።

ዘር ለምትፈልጉ፦ ካማዶሪያ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው። ሁለቱም ካበቡ በለስላሳ ብሩሽ የወንዱን ብናኝ ወስዳችሁ የሴቷ አበባ ላይ አድርጉ። ፍሬው ሲበስል ይጠቁራል። ሥጋው እጅ ያሳክካል፣ ጓንት ካጣችሁ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁ። ሥጋውን አንሱ፣ ዘሩን አንድ ቀን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉና ሳይደርቅ አንድ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቅበሩት። የደረቀ ዘር አይበቅልም። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ደሴ ላይ ይህ ይከብዳል፣ ኮምቦልቻ ዘመድ ካላችሁ እዚያ አስፈሉት። ወራት ሊወስድ ይችላል፣ አፈሩን አትደፉት። ሁለትና ሦስት ቅጠል እስኪያወጣ ከጥላ አታውጡት፣ ከዚያ በየራሱ የችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ አዛውሩት።