ጅማ አዲስ ለገባችሁ፦ አከራይ የሰለቻት ስህተቶች

ግቢዬ ውስጥ ክፍሎች አከራያለሁ። መምህር፣ ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ ይገባል፣ ይወጣል። ተከራዩ ይቀየራል እንጂ ስህተቱ ያው ነው። ስለ ደላላና ስለ ቀብድ አልነግራችሁም፤ እሱን የትም ከተማ ትማሩታላችሁ። የጅማን ብቻ ልንገራችሁ።

በጥር ቤት አይቶ መወሰን

ይሄኛው ያበሳጨኛል። ሰው በበጋ ይመጣል። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ግቢው ደርቋል፣ ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል። "ደስ ይላል!" ይልና ይከፍላል። ሰኔ ላይ "ውኃ ገባብኝ" እያለ ይደውላል። እንዴ! ጅማ እኮ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ዝናብ ሰኔ ገብቶ መስከረም የሚወጣ ይመስለዋል። እዚህ መጋቢት ላይ ይጀምርና ጥቅምትም ላይ ሊያገኛችሁ ይችላል።

ስለዚህ ቀለሙን አትዩ። ግድግዳውን ከወለሉ እስከ ጉልበታችሁ ድረስ በእጃችሁ ዳብሱት። ቀለሙ ካበጠ ወይም ከተላጠ እርጥበቱ እዚያ ድረስ ወጥቷል ማለት ነው። የጣሪያው ቆርቆሮ ከግድግዳው ብዙ ካላለፈ ዝናቡ ግድግዳውን ይገርፈዋል። የጭቃ ቤት ከሆነማ አታንሱት። ከዚያ በሩ ላይ ቁሙና ከላይ ያለው ግቢ ውኃ በየት እንደሚወርድ ጠይቁ። ቤቱ ለአዌቱ ወንዝ ከቀረበ ደግሞ አከራዩን ተዉትና ጎረቤቱን ጠይቁ። እኔ ራሴ አከራይ ነኝ፤ አከራይ ይሄን አይነግራችሁም።

አንድ ወጣት ሐኪም ከእኔ ቤት ርካሽ አገኘሁ ብሎ ወንዙ ዳር ወረደ። መጽሐፎቹን ወለል ላይ ደርድሯቸው ኖሯል። ሐምሌ ላይ እኔ ግቢ መጥቶ ገጽ በገጽ ሲያሰጣ ሰነበተ። በሐምሌ ፀሐይ! ልጁ ጨዋ ስለሆነ ምንም አላልኩትም፤ ምሳ ብቻ አበላሁት።

አልጋና ቁም ሳጥን ግድግዳ ላይ መለጠፍ

ይሻግታል። አንድ ክንድ አርቁት። ካርቶንም መሬት ላይ አታስቀምጡ፤ ምስጥ እንደሆነ አያዝንም።

ቡና ሲጠሯችሁ "ሥራ አለብኝ" ማለት

አንዴ ይባላል። ሁለተኛ ካላችሁ ሦስተኛ የሚጠራችሁ የለም። ሂዱና ተቀመጡ። "አካም ጅርቱ?" ብላችሁ ግቡ፤ የቀረውን አፋን ኦሮሞ ጎረቤቶቻችሁ እየሳቁ ያስተምሯችኋል። ቡናው ውስጥ ጨው ካለበት ፊታችሁን አታጨማድዱ። ውኃ የጠፋ ዕለት ጄሪካን የሚያውሷችሁ እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

ቦዬ በምሽት መሄድ

ባሕር የለንም። ውኃ ዳር ያደገ ሰው ግን ውኃ ዳር ይናፍቃል፣ ይገባኛል። ከከተማው ትንሽ ወጣ ስትሉ ቦዬ አለ፤ ረግረግ ነው፣ ወፍ ሞልቶታል፣ ጉማሬም አለው። ችግሩ ሁሉም ፀሐይ ስትጠልቅ ፎቶ ለማንሳት ነው የሚሄደው። ጉማሬ ቀኑን ውኃ ውስጥ ተኝቶ ይውልና ሳር ሊግጥ የሚወጣው ሲመሽ ነው። ከውኃው ከወጣ በኋላ በእሱና በውኃው መካከል ከተገኛችሁ መመለሻ መንገዱን ዘጋችሁበት ማለት ነው፤ ደርምሷችሁ ያልፋል። ያን ገላ አይታችሁ ዘገምተኛ እንዳይመስላችሁ፤ ሮጣችሁ አታመልጡትም።

አንዱን ተከራዬን ይሄን ስነግረው "እትዬ፣ ጉማሬ ሳር በል አይደል እንዴ?" ብሎ ተከራከረኝ። ሳር በል ነው፣ አዎ! ሊበላችሁ አይደለም የሚገድላችሁ። ልጁ ሄደና እረኞች በጩኸት መለሱት። ማታ ሲመጣ ጫማው አንድ እግር ብቻ ነበር። ሌላኛው ረግረጉ ውስጥ ቀርቷል።

በጠዋት ሂዱ። የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቁሙ። እረኛ ከጮኸ ምክንያቱን አትጠይቁ።

የጊቤን ዳር ደረቅ መሬት ነው ብሎ ማመን

የግልገል ጊቤ ግድብ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ነው። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አቅጣጫ ያለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ከሱ የተጠራቀመ ነው። በበጋ ውኃው ሲሸሽ ዳሩ ይሰነጣጠቅና የደረቀ ይመስላል። ከላይ ነው የደረቀው፤ ከሥሩ እግር የሚውጥ ጭቃ አለ። ሌላው ወባ ነው። ከግድቡ አጠገብ የሚኖሩ ልጆች ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይልቅ በወባ እንደሚያዙ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጥናት አሳይተዋል። ለማደር ካሰባችሁ አጎበር ያዙ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ "ብርድ ነው" ብላችሁ አትተኙ፤ ተመርመሩ።

ጅሬንን በግማሽ ሰዓት መጨረስ

ጅሬን ላይ ያለው የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰውየው ጅማን ከ50 ዓመት በላይ ገዝተዋል፤ እናንተ ባጃጁን አስቁማችሁ አንድ ፎቶ አንስታችሁ ትመለሳላችሁ። የእንጨት ሥራውን ቀስ ብላችሁ እዩት። መስጊዱንም እንደ መስጊድ አክብሩት።

የቡናን ጫካ የማንም አድርጎ ማየት

ጌራ፣ ሊሙ ወይም አጋሮ ስትሄዱ ዛፍ ጥላ ሥር የበቀለ ቡና ታያላችሁ። አጥር የለውም። ባለቤት ግን አለው፤ ዛፉ ላይ የተሰቀለው ቀፎም ባለቤት አለው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ጊዜ ሰው ሁሉ ዓይኑን ከቡናው አይነቅልም። ከቀዩ ፍሬ መቅመስ ከፈለጋችሁ ጠይቁ፤ ጣፋጭ ነው፣ በደስታ ይሰጧችኋል። ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ላይ ግን ቦርሳ አታስቀምጡ፣ አትደገፉበትም። ቡና አልጋ ላይ እንደ ወንበር የተቀመጠ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ባለቤቷ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም።

ወደ በለጠ ጫካ ከገባችሁ ጉሬዛ ለማየት ዝም ብላችሁ ቁሙ፤ ሙዚቃ የከፈተ ሰው ምንም አያይም። በክረምት ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ በጠዋት ውጡ። ከሩቅ ወረዳ የሚመለስ መኪና ደግሞ ሲመሽ ይጠፋል። 9 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ብትገኙ ጥሩ ነው። ሞባይላችሁንም ማታውኑ ቻርጅ አድርጉት፤ ጠዋት መብራት ላይኖር ይችላል።