ከሠራዊቱ በጡረታ ተሰናብቶ በድሬዳዋ የመጀመሪያ ቤት መግዛት

ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ በካምፕ የኖረ ሰው ቤት ለመግዛት ሲነሣ ትልቁ ችግሩ የገንዘብ ማነስ ይመስለዋል። ገንዘብ ማነሱ አይካድም። ይሁንና በድሬዳዋ ቤት ሲገዙ ከተጎዱ ጡረተኛ ወታደሮች መካከል የማውቃቸው አብዛኞቹ ገንዘቡን ይዘው የተጎዱ ናቸው፤ የጎዳቸውም ሰነድ ሳያገላብጡ በሰው ቃል መዋዋላቸው ነው። ምሽግ ውስጥ ጎኑ ያለውን ጓዱን አምኖ ያደረ ሰው ደላላንና ሻጭንም በዚያው ዓይን ማየት ይቀናዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የማስቀምጠው ቅደም ተከተል ከራስዎ ወረቀት ይጀምራል፤ ቤት ማየቱ ዘግይቶ ይመጣል።

ድሬዳዋ የአየር ኃይል ምድብ ያለባት፣ ሐረርም የምሥራቅ ዕዝ መቀመጫ በመሆኗ፣ በአካባቢው ያገለገሉ ብዙ የሠራዊቱ አባላት ከስንብት በኋላ እዚሁ ጎጆ ቀልሰው ይቀራሉ። እነርሱ ከተማዋን ያውቋታል፤ ቀበሌው ግን አያውቃቸውም። በካምፕ አድራሻ ስለኖሩ የነዋሪነት መታወቂያ የሌላቸው፣ ቢኖራቸውም በተቀጠሩበት ወረዳ ከብዙ ዓመት በፊት የወጣ የሆነባቸው ጥቂት አይደሉም። አንድ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ በባንክ ብድር ቤት ሊገዛ የመያዣ ውል ለመፈረም መስኮት ላይ ሲቀርብ አብሬው ነበርሁ። ሻጩ ቀርቧል፤ ምስክሮቹም ተገኝተዋል። ሠራተኛዋ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ካገላበጠች በኋላ ቀና ብላ «ያላገባ ማስረጃዎ የታለ?» አለችው። ሰውየው በእርግጥም አላገባም፤ ነገር ግን ይህንኑ የሚመሰክርለት አንድም ቀበሌ አልነበረውም። ትውልድ ወረዳው ደርሶ፣ ከቀድሞ ክፍሉም ደብዳቤ አጽፎ እስኪመለስ አምስት ሳምንት አለፈ፤ ሻጩም በዚያ መሐል ዋጋ ጨመረ። እርስዎ ይህ እንዳይደርስብዎ የስንብት ደብዳቤዎን፣ የአገልግሎት ዘመን ማስረጃዎን፣ የጡረታ ሰነድዎን፣ የቀበሌ መታወቂያና የፋይዳ ቁጥርዎን፣ እንዲሁም የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃዎን ደላላ ዘንድ ከመሄድዎ በፊት አሟልተው ይያዙ። ስምዎ በሁሉም ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉንም ያረጋግጡ፤ «ኃይሌ» በአንዱ ወረቀት «ሐይሌ» ሆኖ መገኘቱ ብቻውን ቀናት ሊያስበላ ይችላል።

ቀጥሎ አቅምዎን በቁጥር ይወቁ። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ባስቀመጠው ስሌት የአበሉ መነሻ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ነው፤ ከ10 ዓመት በላይ ለተሰጠ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት ለሲቪል ሠራተኛ 1.25፣ ለሠራዊት አባል ደግሞ 1.65 በመቶ ይጨመርበታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። በዚህ መሠረት 25 ዓመት ያገለገለ ወታደር የአማካይ ደመወዙን 54.75 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። ካምፕ ሳሉ ቀለቡም ማደሪያውም ከደመወዝ አይወጣም ነበር፤ አሁን ሁለቱም ከዚህ ግማሽ ከምታህል ገቢ ይወጣሉ። ባንክ ወርኃዊ ክፍያዎን ሲተምን ይህንኑ ያሰላል፤ ዕድሜዎንም ስለሚቆጥር የመክፈያው ዘመን ሊያጥርና የወሩ ክፍያ ከፍ ሊል ይችላል። ጡረታ ብቻ ይዞ ብድር መጠየቅ ስለዚህ ከባድ ነው። በጥበቃ፣ በሾፌርነት ወይም በጋራዥ ሥራ የሚያገኙት ተጨማሪ ገቢ ካለ በባንክ ሒሳብዎ በኩል ቢያንስ ለተወሰኑ ወራት እንዲያልፍ ያድርጉ፤ በእጅ የተቀበሉት ብር ለባንኩ እንደሌለ ነው። ባንኩ የሚያበድረው የራሱ መሐንዲስ በገመተው ዋጋ ላይ ተመሥርቶ በመሆኑ ግምቱ ከመሸጫው ዋጋ ካነሰ ልዩነቱ ከኪስዎ እንደሚወጣም አስቀድመው ይያዙት። ወለድ በሃይማኖት ምክንያት የማይወስዱ ከሆነ እንደ ዘምዘም ያሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች በሙራባሃ ማለትም ንብረቱን ገዝቶ በትርፍ በሚሸጥልዎ ውል ስለሚሠሩ እዚያ ይጠይቁ።

ከሁሉ ይልቅ ልቆይበት የምፈልገው ጉዳይ በሩቅ ሆኖ ቤት መግዛት ነው። በሶማሊያ፣ ቀደም ሲልም በዳርፉር ወይም በአብዬ ሰላም ማስከበር ላይ ያጠራቀሙትን አበል ለወንድም ወይም ለዘመድ እየላኩ «አንተ ግዛልኝ» ማለት በሠራዊቱ ውስጥ የተለመደ ነው። ወንድም ክፉ ስለሆነ አይደለም ጣጣው የሚመጣው። ወንድም ያገባል፣ ይታመማል፣ ይሞታል፤ ቤቱም በእርሱ ስም ከተመዘገበ ሚስቱና ልጆቹ በሕግ መብት ይጠይቁበታል፤ እርስዎ ግን የሚያቀርቡት የሐዋላ ደረሰኝ ብቻ ይሆናል። ውክልና መስጠት ካስፈለገዎ በጽሑፍና በተረጋገጠ ሰነድ ይስጡ፤ ተወካዩ በእርስዎ ስም እንደሚገዛ፣ ካርታውም በእርስዎ ስም እንደሚወጣ በግልጽ ይጻፍ። ከሻጩ ወገንም ወኪል ቢቀርብዎ ነገሩ ያው ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ስለ ሽያጭ አንድ ቃል የሌለው ጠቅላላ ውክልና ይዞ የመጣ ሰው ቀብድ ሊቀበልዎ አይገባም። ውክልናው አለመሻሩንና ወካዩም በሕይወት መኖሩን ሳይጠይቁ አይለፉት።

ወደ ቤቱ ስንመጣ፣ የሚገዙት ምን እንደሆነ ይለዩ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፤ የሚገዙት ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው። ነባር ይዞታ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ ከሆነ ካርታውን ከግብር ደረሰኙ ጋር ያስተያዩ። ሊዝ ከሆነ የመኖሪያ ቤት ዘመኑ 99 ዓመት ሆኖ ምን ያህሉ እንዳለፈ፣ በተለይም ምን ያህል የሊዝ ዕዳ እንደቀረ ይጠይቁ፤ ቀሪው ክፍያ ከቤቱ ጋር ወደ እርስዎ ይሻገራል። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት ቤቶች ወገን የሆነ የቀበሌ ቤት የሚኖርበት ሰው «መብቴን ልልቀቅልዎ» ቢልዎ የሚሸጠው ነገር የለውም። በከተማው ዳር ከአርሶ አደር በሽማግሌ ፊት በተጻፈ ወረቀት የሚገዛ ቦታም ሆነ ያለ ፈቃድ የተሠራ የጨረቃ ቤት ዋጋው የሚረክሰው በምክንያት ነው፤ ጡረታዎን እዚያ ላይ አያፍስሱ።

ቤቱን ሲያዩ በጠዋት አይሂዱ። የድሬ ሰው በሚያሸልብበት በቀትር፣ ስምንት ሰዓት ገደማ ሄደው ቆርቆሮው ሥር አንድ ሰዓት ይቀመጡ፤ ኮርኒስ የሌለው ቤት ያን ጊዜ ራሱን ይናገራል። ከዚያ ማንቆርቆሪያቸውን እንዲያሳዩዎ ይጠይቁ። የከተማዋ የጉድጓድ ውኃ ኖራ ስለሚበዛበት በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚያዩት ነጭ ቅርፊት በቧንቧውም ውስጥ አለ፤ አሮጌ መስመር ያለው ቤት ቧንቧው ጠብቦ ሊሆን ስለሚችል ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከፍተው የውኃውን ግፊት ይመልከቱ። ውኃ በስንት ቀን እንደሚመጣም ከሻጩ ይልቅ ከጎረቤት ይጠይቁ። የደቻቱ ወንዝ ዳር ቤት ከሆነ ደግሞ ይጠንቀቁ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የገደለው ዝናቡ በደንገጎ በኩል ባለው ደጋ ዘንቦ ነው፤ የደረቀ አሸዋ የሚመስለው ወንዝ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ሊሞላ ይችላል። በመቃኑ ግርጌ ያለውን ቀለም በጥፍርዎ ፋቅ ፋቅ ያድርጉት፤ ሥሩ የጭቃ መስመር ወይም የበሰበሰ እንጨት ካገኙ አዲሱ ቀለም ለምን እንደተቀባ ይገባዎታል።

ቤቱ ከተስማማዎ ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት ማኅደሩ ያለበትን የይዞታ መሥሪያ ቤት ሻጩን ይዘው ይሂዱና የዕዳና እገዳ ማጣሪያ እንዲሰጥ ያስጠይቁ፤ ቤቱ በባንክ መያዣነት፣ በፍርድ ቤት እግድ ወይም በመንገድ ፕላን ውስጥ አለመሆኑ የሚታወቀው እዚያ ነው። ቀብድ ሲሰጡ አነስተኛ መጠን ሆኖ በጽሑፍ ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ባለትዳር ሻጭ ብቻውን ቢመጣ አይፈርሙ። ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት በመሆኑ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይሠራባታል፤ አንቀጽ 68ም የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል፤ ያልተስማማው ተጋቢ ሽያጩን በፍርድ ቤት ሊያስፈርስ ይችላል። ሐረር ከሆነ የሚገዙት ክልሉ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው በዚያው ያጣሩ።

ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ፊት ይፈረም። ቀረጡን ለማሳነስ «ውሉ ላይ በግማሽ እንጻፈው» የሚል ሻጭ ብዙ ነው፤ ውሉ ቢፈርስ ግን በሕግ ሊያስመልሱ የሚችሉት ውሉ ላይ የተጻፈውን ነው። ክፍያው በሲፒኦ፣ ማለትም ባንክ ራሱ ባረጋገጠው የክፍያ ሰነድ ይሁን፤ የተወሰነውም ስሙ እስኪዞር እንዲቆይ በውሉ ያስገቡ። የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ ስለሆነ ከመጀመሪያው ከበጀትዎ ያስቀምጡት፤ ማን እንደሚከፍለውም አስቀድመው ይነጋገሩ። ውል መፈረም ባለቤት አያደርግም፤ በአንቀጽ 1185 መሠረት ንብረቱ በመዝገብ ሲገባ ነው የእርስዎ የሚሆነው፤ ስለዚህ ከፊርማው በማግሥቱ ወደ ይዞታ ቢሮው ይመለሱ። ቁልፉን በሚረከቡበት ዕለት የመብራቱንና የውኃውን ቆጣሪ ንባብ ከሻጩ ጋር ሆነው በወረቀት ላይ ጽፈው ይፈራረሙበት፤ የቀረውን ሲፒኦ የሚሰጡት ካርታው በስምዎ ወጥቶ በእጅዎ ሲገባ ነው።