ከኮንፈረንስ ውጪ ከማን ጋር እንጫወት? የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ስኬጁል እንዴት ይወጣል

ሲዝኑ ሲጀምር "ቡድናችን ለምንድነው ስሙን ሰምተነው የማናውቀውን ቡድን ጠርቶ የሚገርፈው?" የሚል ሰው አይጠፋም። እስቲ አትሌቲክ ዳይሬክተሩ (የኮሌጁን ስፖርት የሚመራውና ጌም የሚዋዋለው ሰው) አንተ ነህ እንበል።

መጀመሪያ ቁጥሯን ያዝ። መደበኛው ሲዝን 12 ጌም ነው፣ ቢግ ቴን በሚባለው ኮንፈረንስ (በየዓመቱ እርስ በርስ የሚጫወቱ ኮሌጆች ስብስብ) ውስጥ ካለህ 9ኙ ከኮንፈረንስህ ቡድኖች ጋር ስለሆነ አንተ የምትመርጠው 3 ብቻ ነው። ቡድንህ ደከም ያለ ከሆነ አትጀንን፣ ቦውል ጌም (ከሲዝኑ በኋላ ያለው የክብር ጨዋታ) ለመግባት 6 ድል ነው የሚያስፈልግህ፣ 3ቱን ቀላል አድርገህ ካሸነፍክ ከ9ኙ 3 ብታገኝ ይበቃሃል። ከታችኛው ዲቪዚዮን፣ ማለትም ከኤፍሲኤስ የምትጠራው ግን አንድ ቡድን ብቻ ይሁን፣ ሁለተኛው ድል ለቦውል አይቆጠርልህም።

ትንሹ ቡድን ለመገረፍ ለምን ይመጣል? ለብር ነዋ! አንተም ብትከፍል አትከስርም፣ ስታዲየምህ ይሞላል፣ የመልስ ጨዋታም የለብህም። ግን ተጠንቀቅ፦ በ2024 ኖተርዳም ኖርዘርን ኢሊኖይን 1.4 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ጠርቶ በሜዳው 16 ለ 14 ተሸነፈ። ከፍሎ መገረፍ ማለት ይሄ ነው 😂 ሚሺጋንም በ2007 ያኔ ኤፍሲኤስ በነበረው አፓላቺያን ስቴት 34 ለ 32 ተሸንፏል፣ ያውም ከአገሪቱ 5ኛ ደረጃ ላይ እያለ።

ቡድንህ ጠንካራ ከሆነ ነው ሂሳቡ የሚወሳሰበው። ፕሌይኦፍ (ሻምፒዮኑ የሚለይበት ውድድር) ከ2024 ጀምሮ 12 ቡድን ያስገባል፣ ቡድኖቹን የሚመርጠው ኮሚቴ ከማን ጋር ተጫወትክ ብሎ ያያል ይባላል፣ ግን ኢንዲያና በ2024 ደከም ካሉት ከነቻርሎትና ዌስተርን ኢሊኖይ ጋር ተጫውቶ 11 አሸንፎ 1 ተሸንፎ ገባ፣ ቴክሳስ ደግሞ በ2025 ኦሃዮ ስቴት ሜዳ ድረስ ሄዶ 14 ለ 7 ተሸነፈ፣ ሲዝኑንም በ9 ድልና በ3 ሽንፈት ጨርሶ ቀረ። (የቀረው በፍሎሪዳ ስለተሸነፈ ነው የሚሉ አሉ፣ እኔም ከነሱ ነኝ።) ስለዚህ አንድ ከባድ፣ ሁለት ቀላል አድርግ።

ከባዱን ደርሶ መልስ ተዋዋል፣ ኮንትራቱ ግን ከብዙ ዓመት በፊት ስለሚፈረም ያኔ ማን ጎበዝ እንደሚሆን አታውቅም፣ ማፍረሻ ክፍያውን አይተህ ፈርም።

ቀኑም ወሳኝ ነው፣ ከባዱን መጀመሪያ ላይ አድርገው። መጀመሪያ ላይ ብትሸነፍ ለማካካስ ጊዜ አለህ፦ ኖተርዳም በኖርዘርን ኢሊኖይ የተሸነፈው በሁለተኛው ሳምንት ስለነበር የቀረውን ሁሉ አሸንፎ ፕሌይኦፍ ገባ፣ እስከ ፍጻሜም ደረሰ። ኤስኢሲ ከሚባለው ኮንፈረንስ ብዙዎቹ ቡድኖች ደግሞ አንዷን ቀላል ጌም ለኖቬምበር ያስቀምጧታል፣ ከዋናው ተቀናቃኛቸው በፊት ባለው ሳምንት፣ ኮከቦቹ ከእረፍት በኋላ ቁጭ ብለው ውሃ እየጠጡ እንዲያዩ።