ከክፍል ወደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት መሄድ ላሰባችሁ

መምህራን ሻይ ላይ ስንቀመጥ “እኔ ወረዳ ብገባ ኖሮ...” የማይል የለም። እኔም ብያለሁ፣ ገብቼም አይቼዋለሁ። አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ጠመኔ ስለሰለቻችሁ ወይም ከርዕሰ መምህሩ ጋር ስለተኳረፋችሁ ብቻ ማመልከቻ አትጻፉ።

መጀመሪያ ወንበሮቹን ለዩ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊነት ሹመት ነው። ኃላፊው የወረዳው ካቢኔ አባል ነው፣ አስተዳደሩ ሲቀየር አብሮ ሊነሳ ይችላል። ሱፐርቫይዘር (ትምህርት ቤቶችን እየዞረ የሚከታተልና የሚደግፍ) እና የጽሕፈት ቤት ባለሙያ ግን በአብዛኛው በውድድር ነው የሚገባው፤ ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ የትምህርት ደረጃ፣ አገልግሎትና የሥራ አፈጻጸም ይታያል። ስለዚህ ማኅደራችሁን ዛሬውኑ አደራጁ፤ የጠፋ የአፈጻጸም ውጤት በማስታወቂያው ሳምንት አይገኝም። የትምህርት ቤት አመራር የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ወይም በትምህርት አመራር ማስተርስ ካላችሁ ጥሩ ነው፣ ክረምትን ለዚያ አውሉት።

እኔን ብትጠይቁኝ በሱፐርቫይዘርነት ጀምሩ። አንድ የጉድኝት ማዕከል ይሰጣችኋል፣ ማለትም አንድ ማዕከል ትምህርት ቤትና በዙሪያው ያሉ ሳተላይት የሚባሉ ትምህርት ቤቶች። በመጀመሪያው ጉብኝቴ ቼክሊስቴን ይዤ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ትምህርቱ ግሩም ነበር፣ ልጆቹ ጥያቄው ሳያልቅ እጃቸውን ያወጣሉ። ሁሉም ሳጥን ላይ ምልክት አድርጌ ልወጣ ስል አጠገቤ የተቀመጠችውን ልጅ ደብተር ገለጥ አደረግኩት። ያው ርዕስ፣ ያው ምሳሌ፣ የትናንት ቀን ተጽፎበታል። ለእኔ ሲባል ተደግሞ ነበር ለካ! ከዚያ ወዲህ ቼክሊስቱ የሚወጣው ደብተር ካየሁ በኋላ ነው። መምህሩንም አልወቀስኩትም፤ እኛው ነን እንዲህ ያስለመድነው።

በጀቱ ላይ ብዙዎቻችን ባዶ ነን። ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፣ ክርክሩ ግን ከዚያ በፊት ያልቃል። ከወረዳው የትምህርት በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ በምትቀረው ትንሽ ሥራ ማስኬጃ ላይ ነዳጅም፣ ውሎ አበልም፣ ወረቀትም ይሻሙባታል፣ እናም “ላቦራቶሪ እሠራለሁ” ብሎ የገባ ሰው ግማሽ ዓመቱን ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ቆሞ ሊያሳልፍ ይችላል። ይህን ገና መምህር ሆናችሁ መልመድ ትችላላችሁ። የትምህርት ቤታችሁ ስኩል ግራንት (ለትምህርት ቤቱ የሚሰጠው የድጎማ ገንዘብ) ሲወራረድ አጠገቡ ሁኑ፣ ግዥ ኮሚቴ ውስጥ ግቡ፣ ፕሮፎርማ ሰብስቡ። የንብረት ገቢና ወጪ ቅጾቹን ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ምን እንደሚለያቸው የማታውቁ ከሆነ ንብረት ክፍሏን ጠይቁ፣ በአምስት ደቂቃ ታስረዳችኋለች። የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይም ቃለ ጉባኤ መያዝ ማንም አይፈልግም፤ እናንተ ያዙ።

ሪፖርት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 መጀመሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሄዶ ሲሰጥ 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ሰሞን ለዓመታት “አመርቂ ውጤት” ሲባልባቸው የነበሩት ሪፖርቶቻችን ትዝ አሉኝ። ከየትምህርት ቤቱ የመጣላችሁን ቁጥር እንዳለ አትላኩት። መስከረም ላይ ተመዝግቧል የተባለውን ልጅ ጥር ላይ ሄዳችሁ ክፍል ውስጥ ቁጠሩት።

እንቅልፍ የሚነሳው ግን የመምህራን ዝውውር ነው። ቢሮ ውስጥ ባለሙያ ሆኜ የመጀመሪያው ክረምት ላይ ስልኬ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮህ ነበር። ባሏ ከተማ ያለ፣ የታመመ፣ በረሃ ላይ ሰባት ዓመት የቆየ፣ ከዚያ ደግሞ የትልቅ ሰው ዘመድ። ሦስቱ እውነተኛ ችግር አለባቸው፣ የሚደወልለት ግን አራተኛው ነው። ያን ዓመት አንዱን ስልክ ሰምቼ ተሸንፌያለሁ፣ በረሃ የቀረው መምህር እስካሁን ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፤ ባይለኝ ይሻለኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት መስፈርቱንና የእያንዳንዱን አመልካች ነጥብ ውሳኔው ከመድረሱ በፊት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፍን። ስልኩ አልቆመም። ግን ለደወለው ሁሉ “ሰሌዳው ላይ አለ፣ ነጥቡን ይዩት” የሚል መልስ ነበረኝ፣ ማታም ስልኬን ሳልዘጋ መተኛት ጀመርኩ።