ዩኒታችሁ ስንት ምት ይችላል? ስሌቱ ላይ የሚሰሩ ስህተቶች

ዋርጌም (በትናንሽ ምስሎች ጠረጴዛ ላይ የሚደረግ የጦርነት ጨዋታ) የሚጫወት ሰው ፕሮባቢሊቲ ማስላት ሲጀምር ደስ ይለኛል፣ ችግሩ ግማሹን አስልቶ የጨረሰ ይመስለዋል። ምሳሌዎቼ ከዋርሃመር 40,000 ናቸው፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው እሱን ስለሆነ። ዩኒት ማለት አብረው የሚዋጉ ሞዴሎች (ምስሎች) ቡድን ነው።

"ሴቭ በ1 ከተሻለ 17 ፐርሰንት ጠነከረ"

ይሄን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሴቭ ማለት ምቱን ለመመከት የምትጥሉት ዳይስ ነው፣ 5+ ከተባለ 5 ወይም 6 ሲወጣ ይመክታል። ዳይሱ 6 ጎን አለው፣ አንዱ ጎን ወደ 17 ፐርሰንት ነው፣ እሺ፣ እስከዚህ ልክ ናችሁ። ግን ሞዴል የሚሞተው ሴቩ ሲከሽፍ ነው እኮ! መቁጠር ያለባችሁ የሚከሽፍባችሁን ጎን ነው። 6+ ሴቭ በ5 ጎን ይከሽፋል፣ 5+ ሲሆን በ4 ጎን፣ ስለዚህ የሚገባባችሁ ጉዳት በ20 ፐርሰንት ቀነሰ፣ በቃ። 3+ ግን የሚከሽፈው 1 ወይም 2 ሲወጣ ብቻ ነው፣ 2+ ሲሆን ደግሞ 1 ሲወጣ ብቻ። ከ2 ጎን ወደ 1 ጎን፣ ግማሽ በግማሽ! ያቺው አንድ ቁጥር ለአንዱ ትንሽ ድጋፍ ሆነች፣ ለሌላው እድሜውን እጥፍ አደረገችለት። ታዲያ ሴቭ የሚያሻሽል ነገር እጁ ላይ እያለ "ደካሞቹን ላግዝ" ብሎ ለ6+ የሚሰጥ ሰው ስንቱን አየሁ መሰላችሁ። በተቃራኒውም ያው ነው፣ ሴቭ በ1 የሚቀንስ መሳሪያ 2+ ላይ ሲተኮስ የሚገባው ጉዳት እጥፍ ይሆናል፣ 6+ ላይ ግን በ20 ፐርሰንት ብቻ ይጨምራል። ስለዚህ "2+ ነኝ፣ ምንም አያገኘኝም" እያላችሁ አትኩራሩ፣ እንደዚህ አይነት መሳሪያ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው እናንተን ነው።

መደመር

4+ ሴቭ እና ከሱ በኋላ የሚጣል 5+ መከላከያ ካላችሁ 50 ሲደመር 33 ብላችሁ 83 ፐርሰንት እንዳትሉ። የሚከሽፉትን አባዙ፦ 1/2 በ2/3 ሲባዛ 1/3፣ ማለትም የምትተርፉት 67 ፐርሰንት ነው።

ቁስል ብቻ መቁጠር

ቁስል ሞዴሉ እስኪሞት የሚችለው የጉዳት መጠን ነው፣ ግን "20 ቁስል አለኝ" ማለት ብቻውን ምንም አይነግረኝም። እያንዳንዳቸው 2 ቁስል የሚችሉ 10 ሞዴሎችም 20 ናቸው፣ 1 ቁስል የሚችሉ 20 ሞዴሎችም 20 ናቸው። ዳሜጅ 2 ያለው (በአንድ ምት 2 ቁስል የሚያደርስ) መሳሪያ ግን የመጀመሪያዎቹን ሴቭ ባልተሳካባቸው 10 ምቶች ይጨርሳቸዋል፣ ለሁለተኛዎቹ 20 ያስፈልገዋል፣ ምክንያቱም የተረፈው ዳሜጅ ወደሚቀጥለው ሞዴል አያልፍም። ባለ3 ቁስል ሞዴል ደግሞ በዚሁ መሳሪያ 2 ምት ይፈልጋል፣ ልክ እንደ ባለ4 ማለት ነው።

ዳሜጁ በዳይስ የሚወሰን ከሆነ የባሰ ያታልላል። "የባለ6 ዳይስ አቨሬጅ 3.5 ነው፣ የኔ ሞዴል 3 ቁስል ነው ያለው፣ ስለዚህ አንድ ከገባበት ሞተ" ይላሉ። አይደለም፣ 1 ወይም 2 ከወጣ ይተርፋል፣ ይሄ ደግሞ ከ3 ጊዜ 1 ጊዜ ነው።

ታፍነስ በጨመረ ቁጥር ጠነከርኩ ማለት

ከ2017 (በፈረንጆቹ) ወዲህ ባለው ህግ ታፍነስ (የሞዴሉ ጥንካሬ) ከ4 ወደ 5 ሲሄድ ስትሬንግዝ (የመሳሪያው ሃይል) 4 ያለው መሳሪያ ለማቁሰል የሚያስፈልገው ዳይስ ከ4+ ወደ 5+ ይሄዳል፣ አሪፍ ነው። ስትሬንግዝ 3 ግን ድሮም በ5+ ነበር አሁንም በ5+ ነው፣ ስትሬንግዝ 6 ደግሞ በሁለቱም በ3+ ያቆስላል። ምንም አልተቀየረም! "ጠንካራ ነው" ከማለታችሁ በፊት በምን ሲመታ የሚለውን ጠይቁ።

አቨሬጅን እንደ ተስፋ ቃል መያዝ

አንድ ልጅ ጄነራሉ 3 ቁስል ቀርቶታል፣ ሊመታው የሚችለው ጠላት 6 ዳይስ ይጥላል፣ እያንዳንዱ ዳይስ ሁሉን አልፎ 1 ቁስል የማድረስ እድሉ 1/3 ነው። አሰላ፣ አቨሬጁ 2 ሆነ፣ "1 ቁስል ይተርፈኛል" ብሎ ከግድግዳው ጀርባ አውጥቶ ሜዳ ላይ አቆመው። ሞተበት። ከዛ ዳይሱ የተበላሸ ነው ብሎ ጨዋታውን ሙሉ ሲነጫነጭ ዋለ። ወንድሜ፣ 3 ወይም ከዛ በላይ የመግባቱ እድል 32 ፐርሰንት ነበር! ከ3 ጨዋታ በአንዱ ገደማ ጄነራልህን ለመቅበር አስበህ ነው የወጣኸው። ማስላት የነበረበት "በአማካይ ስንት ይገባል" ሳይሆን "3 የመግባቱ እድል ስንት ነው" የሚለውን ነው፣ በተለይ ዳይሱ ጥቂት ሲሆን።

ነጥብ መርሳት

እጥፍ ምት የሚችል ዩኒት 3 እጥፍ ነጥብ (ዩኒት የሚወሰድበት ዋጋ) ካስወጣችሁ በነጥብ ሲሰላ ከርካሹ የበለጠ በቀላሉ የሚሞተው እሱ ነው።